ምዘናው በዝቶ እርማቱ የጠፋበት ዩኒቨርሲቲ

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለገዛ ትምህርቱ ኃላፊነት አይሰማውም የሚለው ወቀሳ ከመምህራን መዝናኛ ክበብ እስከ ወላጆች ጨዋታ፣ ከሴኔት ስብሰባ እስከ ቴሌቪዥን ውይይት ድረስ በተመሳሳይ ቃል የሚደጋገም ሆኗል። ተማሪው ሀንድአውት ካልተሰጠው አያነብም፣ አሳይመንት ከጓደኛው ይገለብጣል፣ ፋይናል ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ካልሆነ ደብተር አይገልጥም፣ ውጤት ሲለጠፍ ደግሞ ትምህርቱን ትቶ ስለ ሁለት ነጥብ ይሟገታል እየተባለ ይታማል። ወቀሳው ውሸት አይደለም። ስሕተቱ ያለው ከወቀሳው ቀጥሎ በሚመጣው መደምደሚያ ላይ ነው፤ ይኸውም ኃላፊነት ተማሪው ከቤቱ ይዞት የሚመጣ ወይም ሳይዘው የሚቀር ጠባይ ስለሆነ፣ ዩኒቨርሲቲው ማድረግ የሚችለው ፈተና ማክበድና ቁጥጥር ማጥበቅ ብቻ ነው የሚለው ነው። እውነቱ ግን ወደ ሌላ ያመራል። ተማሪው የሚለምደውን የኃላፊነት ዓይነት በአብዛኛው የሚወስነው ምዘናው የተቀረጸበት መንገድና ከምዘናው በኋላ የሚያገኘው ግብረ መልስ ነው፤ የኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት ደግሞ ባለፉት ሃያ ዓመታት ምዘናን ሲያበዛ ግብረ መልስን ስለዘነጋ፣ ዛሬ የሚወቅሰውን ተማሪ በከፊል ራሱ አሠልጥኖታል።

ቃላቱ በተለምዶ ተቀላቅለው ስለሚነገሩ አስቀድሞ መለየቱ ይጠቅማል። ምዘና ማለት ተማሪው ምን እንደሚያውቅና ምን መሥራት እንደሚችል የሚታወቅበት ማናቸውም ተግባር ሲሆን፣ ኩዊዝም፣ ሚድም፣ የቃል ጥያቄም፣ የመስክ ሪፖርትም በዚህ ሥር ይጠቃለላል። ግብረ መልስ ግን ከነጥብ የተለየ ነው፤ ሥራው ከሚፈለገው ደረጃ በምን እንደሚያንስና እዚያ ለመድረስ ቀጥሎ ምን መደረግ እንዳለበት የሚገልጽ፣ ተማሪውም ሊጠቀምበት ጊዜና ዕድል ያገኘበት እርማት ነው። ኃላፊነት የሚባለውም እዚህ ላይ በሰዓት ከመግባትና ካለመኮረጅ ያለፈ ትርጉም አለው፤ ተማሪው የሠራው ሥራ ጥሩ ወይም ደካማ መሆኑን መምህሩ ሳይነግረው በራሱ መፍረድ መቻሉ፣ ደካማ ሆኖ ሲያገኘውም የማቃናቱ ግዴታ የራሱ መሆኑን መቀበሉ ነው። አውስትራሊያዊው የትምህርት ምሁር ሮይስ ሳድለር እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ጽሑፍ ይህ ዓይነቱ ፍርድ በሦስት ነገሮች ላይ እንደሚቆም አሳይቷል፤ ተማሪው ጥሩ ሥራ ምን እንደሚመስል ማወቅ፣ የራሱን ሥራ ከዚያ ጋር ማስተያየት፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ለማጥበብም አንድ ነገር ማድረግ አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የመምህሩ አስተያየት የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢጻፍ ከወረቀቱ አይወርድም።

ተከታታይ ምዘና እንዴት ተከታታይ ፈተና ሆነ

የሐሳቡ አነሳስ መልካም ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በሁሉም የትምህርት እርከን ተከታታይ ምዘና እንዲካሄድ ደነገገ፤ በ1996 ዓ.ም. አካባቢ የተጀመረውና ኤች ዲ ፒ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የመምህራን ከፍተኛ ዲፕሎማ ሥልጠና፣ የመምህራን ትምህርት የሚሰጡ ሰዎች አሳታፊ የማስተማር ዘዴንና ተከታታይ ምዘናን እንዲለማመዱ አደረገ፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ሞጁላር የተባለው ሥርዓተ ትምህርት በመላው አገሪቱ ሲዘረጋ ከአንድ ኮርስ ውጤት ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ከፋይናል ፈተና በፊት በሚሰጡ ምዘናዎች እንዲሞላ ሆነ። ዓላማው ተማሪው ዕጣውን ለአንድ የፈተና ቀን እንዳይተው፣ መምህሩም ድክመቱን በጊዜ አይቶ እንዲያርመው ነበር። ነገር ግን ይኸው ደንብ የወረደው ዩኒቨርሲቲዎች በአስደናቂ ፍጥነት በሚበዙበት ዘመን ነው። በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛው ትውልድ ከሚባሉት ተቋማት አንዱ ሲሆን፣ ቀድሞ በጣት ይቆጠሩ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከአርባ በላይ ሆነዋል። ክፍሎቹ ሰፉ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ የተመረቀ ወጣት በማግሥቱ ረዳት መምህር እየሆነ ገባ፣ ምዘናን የመቅረጽ ጥበብ ግን ለብዙዎቹ በወጉ ሳይሰጥ ቀረ።

በዚህ ሁኔታ ውስጥ ከደንቡ የተረፈው በቀላሉ የሚቆጠረው ክፍል ብቻ ነው። ሃምሳው ነጥብ ለኩዊዝ አምስት፣ ለቴስት አሥር፣ ለአሳይመንት አሥራ አምስት፣ ለሚድ ሃያ እየተባለ ተሸነሸነ፤ እያንዳንዱ ሽንሽን ቁጥር ሆኖ ይመለሳል፣ ወይም እስከ መንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ ሳይመለስ ይቆያል። የፋይናል ወረቀቱ ታርሞ በካርቶን ይቀመጣል፣ ግሬዱ ወደ ሬጂስትራር ይሄዳል፣ ተማሪውም ምን እንደሳተ ሳያውቅ ሻንጣውን ይዞ ለዕረፍት ይወጣል። እንዲህ ባለ አሠራር ውስጥ አሥራ አምስት ነጥብ የያዘውን አሳይመንት ከጓደኛው የሚገለብጥ ተማሪ ያለ ጥርጥር ሐቀኝነት ይጎድለዋል፤ ሒሳቡ ግን ትክክል ነው። ማንም በቅጡ የማያነበው፣ ተመልሶም የማይሻሻል ሥራ ላይ ሦስት ሌሊት ማጥፋት የሚያስገኝለት ነገር የለም። መምህሩም ሆነ ተማሪው ሥራውን ከነጥብ መሰብሰቢያ ቅጽ የተለየ አድርገው አያዩትም፤ በመጨረሻ ስለ ሁለት ነጥብ የሚደረገው ክርክርም የሚያሳፍር ቢሆን እንኳ የሚያስገርም ሊሆን አይገባም፣ ምክንያቱም ተማሪው ከመምህሩ ጋር ስለ ሥራው የሚነጋገርበት ብቸኛው አጋጣሚ እርሱ ሆኗል።

አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀትም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶበታል። በትምህርቱ የበረታ ተማሪ አራት ወይም አምስት ጓደኞቹን እየደገፈ ኃላፊነትን በጋራ እንዲሸከሙ የታሰበ ነበር፤ የቡድን ሥራ ግን ለሁሉም እኩል ነጥብ ሲያስገኝ፣ ማን ምን እንደሠራም የሚጠየቅበት መንገድ ሳይኖር፣ ጎበዙ ብቻውን ጽፎ የሌሎቹን ስምና የመታወቂያ ቁጥር በሽፋኑ ላይ የሚደረድርበት ልማድ ተተከለ። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ብዙም ያልተነገረለት አንድ ለውጥ በጎ ውጤት ነበረው ማለት ይቻላል። ቀድሞ የተማሪዎች ግሬድ እርስ በርስ እየተነጻጸረ ይወጣ ስለነበር ጓደኛን ማስረዳት የራስን ደረጃ ሊያሳጣ ይችል ነበር፤ ግሬድ በቋሚ የነጥብ ወሰን መሠረት እንዲሰጥ ከተደረገ ወዲህ ግን ተማሪ የተማሪን ሥራ አይቶ እንዲያርም ለማድረግ የነበረው ትልቁ እንቅፋት ተነሥቷል። በዚህ የተከፈተ በር የገቡት ጥቂቶች ናቸው።

ጉባኤ ቤቱ የሚያውቀው

እርማትን ከነጥብ ማስቀደም ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር የሚመስለው ሰው በጎጃም ደጋ ያሉትን የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ልብ ቢል ይበጀዋል። የአብነት ትምህርት ዘወትር የሚታማው በሽምደዳ ነው፤ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሽምደዳ ሲበዛበትም ጥፋቱ ከቆሎ ተማሪ ቤት የተወረሰ እንደሆነ ይነገራል። ለንባብ ቤትና ለዜማ ቤት ሐሜቱ ጥቂት እውነት ይኖረው ይሆናል፤ ለቅኔ ቤት ግን አይሠራም። ዋሸራና ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ ስማቸው የሚነሣበት የቅኔ ትምህርት ተማሪው ገና ከመነሻው የራሱን እንዲያወጣ ያስገድደዋል። ግስና አገባብ ከተማረ በኋላ ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ እየቆየ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ እስኪደርስ፣ በየደረጃው ለብቻው ቅኔ ይቆጥራል፤ ማለትም ቃል እየመረጠ፣ ሰሙን ከወርቁ እያስማማ፣ ሌላ ሰው ያላለውን ያበጃል። ያበጀውን ለመምህሩ ይነግራል። የኔታ ነጥብ አይሰጡትም፤ አገባቡ የተፋለሰበትን፣ ቤቱ የጎደለበትን፣ ምሥጢሩ ያልሰመረበትን ቦታ ያሳዩታል፣ ተማሪውም አቃንቶ እስኪመለስ ድረስ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። የጓደኞቹ ቅኔ ሲታረም እየሰማ ጥሩው ከደካማው በምን እንደሚለይ ጆሮው ይለምዳል፤ የበሰሉት ተማሪዎች ደግሞ የጀማሪዎቹን እየሰሙ ሲያርሙ የገዛ ፍርዳቸውን ይስላሉ። ሳድለር በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የዘረዘራቸው ሦስቱም ነገሮች በዚህ ሥርዓት ውስጥ አሉ። ከደብረ ማርቆስ አካባቢ የተነሡት ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ በዚህ ትምህርት አልፈው በኋላ የትምህርት ሚኒስትር ሆነዋል፤ የዘመናዊው ትምህርት ቤት ምዘና ግን ከጉባኤ ቤቱ ይልቅ ወደ ውጭ አገር የፈተና ቦርዶች ሲያይ ኖሯል።

ይህ ማለት ዩኒቨርሲቲው ጉባኤ ቤት ይሁን ማለት አይደለም። የቅኔ ቤት የዘመን ገደብ የለውም፣ ተማሪው ቁራሽ እየለመነ ዓመታት ይቆያል፣ ሳይዘልቁ የቀሩትን የሚቆጥር መዝገብም የለም፤ የመምህሩ ሥልጣንም ጥያቄ የማይነሣበት ነው። ከዚያ ሊወሰድ የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም እርማት ከማለፍ በፊት እንጂ ከማለፍ በኋላ አለመምጣቱ ነው።

ይህ ቅደም ተከተል በዩኒቨርሲቲ ኮርስ ውስጥ ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። የምሥራቅ ጎጃም ደጋ አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ በመሆኑ ምርት ይቀንሳል፣ መድኃኒቱም ኖራ መጨመር ነው። ይህን በምርጫ ጥያቄ መጠየቅ ቀላል ነው፤ ተማሪው ከሀንድአውቱ ያነበበውን ያጠቁራል፣ በማግሥቱም ይረሳዋል። በአንጻሩ ተማሪው ከጎዛምን ወይም ከስናን ማሳ አፈር ወስዶ በቤተ ሙከራ እንዲለካና ለባለማሳው ምን ያህል ኖራ እንደሚያሻው በሁለት ገጽ ምክር እንዲጽፍ ቢታዘዝ ነገሩ ይለወጣል። ጥሩ ምክር ምን ምን ማሟላት እንዳለበት መምህሩና ተማሪዎቹ ቀደም ያሉ ሥራዎችን እያዩ አስቀድመው ይስማማሉ፤ የመጀመሪያው ረቂቅ ያለ ነጥብ በጓደኛና በመምህር ይታያል፤ ተማሪው የትኛውን አስተያየት ተቀብሎ የትኛውን እንዳልተቀበለና ምክንያቱን በአንድ አንቀጽ ይጽፋል፤ ነጥቡ የሚሰጠው ለተሻሻለው ሥራና ለዚህ መልሱ ነው፤ በመጨረሻም ጥቂት ደቂቃ በቃል ይጠየቃል። እዚህ ላይ የተማሪው ኃላፊነት በስብከት የሚለመን ነገር መሆኑ ቀርቶ ሥራው ያለ እርሱ የማይሞላ ይሆናል፤ ስሕተቱም የሚጎዳው ግሬዱን ብቻ ሳይሆን ኖራውን የሚገዛውን ገበሬ ጭምር መሆኑን ያውቃል። በሒሳብና በምሕንድስና ትምህርቶች መልኩ ይለወጥ እንጂ መንገዱ ያው ነው።

ነጥብን ማዘግየት ለምን እንዳስፈለገ የሚጠይቅ ይኖራል። እስራኤላዊቷ የሥነ ልቡና ምሁር ሩት በትለር እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው ጥናት ከተማሪዎቹ አንዱ ወገን አስተያየት ብቻ፣ ሌላው ነጥብ ብቻ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም በአንድነት እንዲያገኝ ተደርጎ ነበር፤ በሥራውም በፍላጎቱም የተሻሻለው አስተያየት ብቻ ያገኘው ሲሆን፣ ነጥብ የተጨመረበት አስተያየት ግን ያንን ጥቅም አላስገኘም። ጥናቱ የተደረገው በልጆች ላይ ስለሆነ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንዳለ መገልበጥ አይገባም፤ ቢሆንም ወረቀት ሲመለስለት መጀመሪያ ቀዩን ቁጥር፣ ከዚያም የጓደኛውን ቁጥር የሚያይ ማንኛውም ተማሪ ነገሩን ይረዳዋል። አብራሃም ክሉገርና አንጀሎ ዴኒሲ እ.ኤ.አ. በ1996 ያለፉ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ ደግሞ ከሲሶ በሚበልጠው አጋጣሚ ግብረ መልስ ውጤትን ከማሻሻል ይልቅ ዝቅ ማድረጉን አግኝተዋል። ስለዚህ አስተያየት ማብዛት በራሱ መድኃኒት አይደለም፤ ሰውየውን ትቶ ሥራውን የሚመለከት፣ ለመጠቀምም ጊዜ ያለው መሆን አለበት።

በመውጫ ፈተና ላይ የተጣለው ተስፋ

መፍትሔው ፈተና ማክበድ ነው የሚለው ተቃራኒ ወገን ጠንካራ ማስረጃ አለው፤ ሊናቅም አይገባም። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር ሲሰጥ ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ መስኮች የተሰጠውን የመውጫ ፈተና ያለፉትም አርባ ከመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ በግል ተቋማት ውጤቱ ከዚያም እጅግ ያነሰ ነበር። ኩረጃው ሲዘጋ የታየው እውነት ይህ ከሆነ፣ ተማሪን ወደ ንባብ የሚመልሰው ጥብቅ ፈተና ነው፤ በነጥብ የሚራራ ምዘና ደግሞ ለዓመታት ሲሸፋፍን የኖረውን ይደግመዋል ይላል።

ከዚህ ክርክር ግማሹ ትክክል ነው። የመውጫ ፈተናው ተቋማት ለራሳቸው ይሰጡት የነበረውን ግሬድ ከውጭ የሚያመሳክር መለኪያ ስላቆመ ሊቀጥል ይገባል፤ የሕግ ተማሪዎች ከሌሎቹ ቀድመው ለዓመታት ሲፈተኑ መኖራቸውም ነገሩ የሚቻል መሆኑን አሳይቷል። ሌላው ግማሽ ግን መለካትን ከማብቃት ጋር ያምታታል። ፈተናው የሚመጣው ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ የወደቀ ተመራቂ የሚያገኘው መረጃ ከሃምሳ በታች መሆኑን እንጂ ከአሥራ አምስትና ከዚያ በላይ ኮርሶች ውስጥ የቱ እንደጎደለውና እንዴት እንደሚሞላው አይደለም። ፈተናው በሚቃረብበት ወቅት የሚታየው ደግሞ ሌላ ነው፤ መምህራን ማጠናከሪያ ያስተምራሉ፣ የጥያቄና መልስ ጥራዝ በቴሌግራም ይዞራል፣ ተማሪው እንደገና ሌላ ሰው መርጦ ያዘጋጀለትን ይሸመድዳል። አራት ዓመት ሙሉ ሥራውን በራሱ እንዲመዝን ያልተጠየቀ ሰው በአራተኛው ዓመት ማብቂያ በድንገት ራሱን የሚመራ አንባቢ እንዲሆን መጠበቅ ፈተናው የማይችለውን ሥራ ማሸከም ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ደካማ ሆኖ መጥቷል የሚለው መከራከሪያም ወደዚሁ ድምዳሜ ያደርሳል፤ መሠረቱ የሳሳ ተማሪ ከሌላው ይልቅ የሚያስፈልገው በጊዜ የሚደርስ እርማት ነው።

ባለፉት ዓመታት በአማራ ክልል የሆነውም ይህንኑ ያጎላዋል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ በተስፋፋው ግጭት ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ የሚጠሩበት ጊዜ ተዛብቷል፣ መንፈቀ ዓመታትም ታጭቀው ለማለቅ ተገደዋል። ጊዜ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀረው እርማት፣ ሳይነካ የሚተርፈው ደግሞ ፈተና ነው፤ መምህርና ግቢ በራቁት ጊዜ ግን ተማሪውን በትምህርቱ ላይ ሊያቆየው የሚችለው በራሱ የመሥራትና ሥራውን የመገምገም ልማድ ብቻ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ብቅ ያለውና ዛሬ በስማርት ስልክ የሚገኘው እንደ ቻት ጂፒቲ ያለ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም የቀድሞውን አሳይመንት ከጥቅም ውጭ አድርጎታል፤ የተጠናቀቀ ጽሑፍ ብቻ ተቀብሎ ነጥብ የሚሰጥ መምህር ከእንግዲህ የማንን ሥራ እንደመዘነ አያውቅም፣ ረቂቁን፣ ለእርማት የተሰጠውን መልስና የቃል ማብራሪያውን የሚያይ ግን ያውቃል።

የመምህሩ ሸክም

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ክብደት ያለው ይህ ነው። በአንድ ክፍል ሃምሳ ስድሳ ተማሪ የሚያስተምር፣ በመንፈቅ ሁለት ሦስት ኮርስ የሚሸከም፣ ደመወዙ የኑሮ ውድነቱን መከተል ያቃተው መምህር ለእያንዳንዱ ሥራ አስተያየት ይጻፍ ማለት ከአዲስ አበባ ቢሮ ሆኖ ለመናገር የሚቀል ትእዛዝ ነው። አብዛኞቹ የማሻሻያ ዕቅዶች የወደቁትም በአሮጌው ሥራ ላይ አዲስ ሥራ ስለሚጨምሩ ነው። እዚህ የሚቀርበው ሐሳብ ግን የሚያዋጣው ከተቀነሰ ብቻ ነው። ሃምሳ ተማሪ ያለው መምህር በአንድ ኮርስ ስድስት ጊዜ ቢመዝን 300 ወረቀት ያርማል፤ ሦስት ምዘና ብቻ ሰጥቶ አንዱን በረቂቅና በመጨረሻ ቅጂ ሁለት ጊዜ ቢያይ 200 ይሆናል። በእርግጥ አስተያየት የሚጻፍበት ወረቀት ቁጥር ከሚሰጥበት የበለጠ ጊዜ ይፈጃል፤ ረቂቁን መጀመሪያ ተማሪዎች እርስ በርስ በተስማሙበት መስፈርት ካዩት፣ መምህሩም ለክፍሉ በሙሉ የተለመዱትን ስሕተቶች በአንድ ክፍለ ጊዜ ካስረዳ ግን ልዩነቱ ይጠባል። ተማሪ የተማሪን ሥራ በትክክል አያርምም የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፤ ለዚህም ነው የጓደኛ እርማት ነጥብ መስጫ ሊሆን የማይገባው። ዋና ጥቅሙም ለሚታረመው ሳይሆን ለሚያርመው ነው።

ስለዚህ ፍርዱ እንዲህ ሊሆን ይገባል፤ የመውጫ ፈተናው ይቀጥል፣ በየኮርሱ የሚበተኑት ኩዊዞችና ቴስቶች ቁጥር ግን በግማሽ ይቀነስ፣ የቡድን ሥራ እያንዳንዱ አባል በቃል ሳይጠየቅበት ነጥብ አያስገኝ፣ በእያንዳንዱ መንፈቅም ቢያንስ በአንድ ኮርስ ተማሪው ለእርማት መልስ ሰጥቶ ሥራውን ሳያሻሽል ግሬድ አይግባለት። የትምህርት ክፍል ኃላፊዎችና የሴኔት አባላት ይህን ለመጀመር ከሚኒስቴሩ አዲስ መመሪያ መጠበቅ አይኖርባቸውም፤ አንድ ኮርስ በስንት ምዘና እንደሚያልቅና ነጥቡ ለምን እንደሚሰጥ የመወሰኑ ሥልጣን ዛሬም በእጃቸው ነው።